ፍቺው ቀለለ፣ ማግስቱ ከበደ

«ምክንያትሽ ምንድን ነው? ማስረጃስ አለሽ? ዳኛ ፊት ቆመሽ ምን ልትይ ነው?» ትዳሯ የመረራት ሴት ገና ከመጀመሪያው ከዘመድ አዝማድ የምትሰማው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቅሪት ነው። በዚያ ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የሽምግልና ዳኞች ነበሩ፤ ዋናው ሥራቸውም «ከባድ ምክንያት» መኖር አለመኖሩን መመርመር ነበር። ዝሙት ከባድ ምክንያት ነበር፤ ያሉበት ሳይታወቅ ለዓመታት መጥፋትም እንዲሁ። ጥፋተኛ የተባለ ወይም ያለ በቂ ምክንያት ልፋታ ያለ ወገን ከጋራ ሀብቱ ይቀነስበት ነበር። ባል ደግሞ በሕጉ የቤተሰቡ ራስ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አጥብቆ ሲወተውትበት የቆየው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና የያኔው ደቡብ ክልል የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም አዳማ ያለ ሰው የክልሉን ሕግ ማየት አለበት።

በአዲሱ ሕግ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ፍቺ የሚጠየቅበት መንገድ ግን ሁለት ነው። ተስማምተው የመጡ እንደሆነ ንብረቱንና ልጆቹን የሚመለከተውን ስምምነት በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ ዳኛው ያነጋግራቸዋል፣ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል፣ ስምምነቱ ከሕግና ከሞራል ጋር ካልተጋጨ ያጸድቀዋል። በተጋቡ በ6 ወር ውስጥ ግን በስምምነት መፋታት አይቻልም። አንዱ ብቻውን ያመለከተ እንደሆነ ዳኛው ይመክራል፣ ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች ይልካል፣ ካልሆነም እስከ 3 ወር ያቆያል። ሽማግሌዎቹ ማስታረቅ እንጂ መፍረድ አይችሉም። ይህ ሁሉ ታልፎ አመልካቹ በሐሳቡ ከጸና ፍርድ ቤቱ በ1 ወር ውስጥ የፍቺውን ውሳኔ መስጠት አለበት።

ችሎት ሳይደርሱ ተለያይቶ መቅረትም አለ። ባል አንድ ክፍለ ከተማ፣ ሚስት ሌላ፤ ዓመታት ያልፋሉ፣ ሌላ ትዳር ይመሠረታል፣ ሰውየው ሲሞት ሁለት ሚስቶች የወራሽነትና የንብረት ጥያቄ ይዘው ይቀርባሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 እንዲህ ያለው ጋብቻ በተግባር እንደፈረሰ ይቆጠራል ብሏል። ሕጉ ፍቺን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቶ ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል የሚሉ የሕግ ሰዎች አልጠፉም። በእኔ አስተያየት ክርክራቸው ሚዛን ይደፋል፤ ቀን ያልተቆረጠለት ፍቺ ንብረቱን እስከ መቼ ድረስ የጋራ ማለት እንደሚቻል አያሳይም።

ዋናው ጠብ ያለው ንብረቱ ላይ ነው። መነሻ ደንቡ ቀላል ነው፦ ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በኋላም በስጦታ ወይም በውርስ የተገኘ የግል ነው። ደመወዝ፣ የንግድ ትርፍ፣ የግል ቤት ኪራይ ሳይቀር የጋራ ነው። የማን እንደሆነ ያልተረጋገጠውም የጋራ ይባላል፤ «የግሌ ነው» የሚል ወገን ያስረዳል። ሚስት ጅዳ ወይም ቤሩት ሠርታ የላከችው ብር በእሷ ላብ የመጣ ቢሆንም በጋብቻው ዘመን የተገኘ ነውና ለሁለት ይከፈላል። ባል በዚያ ብር ቤት ሠርቶ ካርታውን በስሙ ብቻ ቢያወጣም ቤቱ የግሉ አይሆንም።

በስንቱ የአዲስ አበባ መዝገብ ውስጥ ያለውን የኮንዶሚኒየም ቤት እንውሰድ። ባለ ሁለት መኝታ ነው፣ የባንክ ዕዳው አላለቀም፣ ልጆቹ እዚያው ይማራሉ። ግድግዳ አይቆረጥም፤ ባለሙያ ይገምተዋል፣ ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ድርሻ ከፍሎ ያስቀራል፣ ይህ ካልሆነ ተሽጦ ገንዘቡን ይካፈላሉ። ግምቱ የገበያውን ዋጋ ሲጠጋ ድርሻ ከፍሎ ማስቀረት የሚችለው ገቢ ያለው ወገን ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ስታሳድግ የኖረችው ሚስት ግማሽ ገንዘቧን ይዛ ኪራይ ቤት ትፈልጋለች።

ንብረት ማሸሽም አለ፤ መኪናው ድንገት ለወንድም «ተሽጦ» ይገኛል። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት፣ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የሚንቀሳቀስም ቢሆን፣ ያለ ሁለቱ ስምምነት ሊሸጥ አይችልም። (500 ብር! አዋጁ ሲወጣ ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ሕጉ ቃል በቃል ይፈጸም ቢባል ጫማ ለመሸጥም የሚስት ፊርማ ያስፈልጋል።) ያልተስማማው ወገን ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ያለበት ባወቀ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ሽያጩ ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈው ግን ባያውቅም አይሰማም። «ሽማግሌ ይያዘው» እየተባለ ሲጎተት ይህ ጊዜ ያልቃል።

ልጅን በተመለከተ ዛሬም የሚነገር አንድ ስሕተት አለ፦ «ሕፃን ከሆነ የእናቱ ነው»። የ1952ቱ ሕግ 5 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከእናቱ ዘንድ እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። አዲሱ ሕግ ዕድሜውን አስቀርቶ ለዳኛው ሰፊ ሥልጣን ሰጠ፤ የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጁም ዕድሜና ጥቅም ይታያል። የልጁን ጥቅም ክብደት ጎልቶ ያሳየው ሰበር ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ነው። ጉዳዩ ከደቡብ ክልል የመጣ ነበር። ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየውን ልጅ አባት ነኝና ይሰጠኝ አለ፤ ያሳደገችው አክስቱ ተቃወመች። የሥር ፍርድ ቤቶች አባትነቱን አይተው ፈረዱለት። ሰበር ሻረው፤ የተመረኮዘውም ሕገ መንግሥቱንና ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ነው።

የልጅ ቀለብ የሚቆረጠው የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ታይቶ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ደመወዙን ይጽፋል፣ ትእዛዝ ሲደርሰውም ከደመወዙ ይቆርጣል። ነጋዴ፣ ደላላ ወይም ሾፌር ከሆነ ግን ገቢውን ማስረዳት የጠያቂዋ ሸክም ይሆናል። የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል መሰብሰብ ያለበት ቀጠሮው ሳይደርስ ነው። ኑሮ ሲወደድ ቀለቡ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የፌዴራሉ ሕግ ዝም ያለው የተፋታችውን ሚስት ራሷን በተመለከተ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ፍርድ ቤቱ ለትዳር ጓደኛም ቀለብ ያዝዛል፤ ማን ከቤት ይውጣ ሲባልም የልጆቹንና ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ ያያል። ፍቺው እንደተወሰነ ግን የመደጋገፍ ግዴታው ያበቃል። ጥፋተኛው ወገን ካሳ እንዲከፍል ማዘዝ ይቻላል፤ ይህ ግን ለበደል እንጂ ለችግር የተሰጠ መድኃኒት አይደለም። 15 ዓመት እንጀራ ስትጋግርና ልጅ ስታሳድግ ኖራ፣ ሙያ ሳትይዝ፣ በኪራይ ቤት ውስጥ ለሆነች ሴት እኩል ክፍፍል ማለት የአልጋ፣ የፍሪጅና የቴሌቪዥን ግማሽ ነው። በ1992 ዓ.ም. ሕግ አውጪዎቹ እኩልነትን ሲጽፉ ሁለቱም እኩል ሆነው የሚወጡ አስመስለው ጽፈዋል።

ለጊዜው የቀረው ቀዳዳ በስምምነት የሚደረግ ፍቺ ነው። ለተወሰነ ዓመት በወር ይህን ያህል ይሰጣት፣ ወይም ሙያ እስክትማር የኪራይዋን ይክፈል የሚል ቃል በስምምነቱ ውስጥ ገብቶ ከጸደቀ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በሽማግሌ ፊት በቃል ብቻ የተባለ ከሆነ ግን ከዓመት በኋላ እሱን ይዞ አፈጻጸም ችሎት መቅረብ አይቻልም።