ከሰል ስንት ሲኒ ጋዝ ይይዛል?

ባለፈው ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ እንዲህ ብላ ጠየቀችን። «አያቴ ፍሪጅ ውስጥ ከሰል ታስቀምጣለች፤ ሽታ ይይዛል ትላለች። እማዬ ደግሞ ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል አደገኛ ነው ትለኛለች። ታዲያ ማናቸው ናቸው ልክ?» ሁለቱም ልክ ናቸው። እንዴት እንደሆነ ለማየት ሩቅ አንሄድም፣ ከጎረቤታችን እንጀምራለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቨርሷ በትንሹ ባቡር ወደ ጄኔቭ ስትሄዱ ቀጥሎ የሚመጣው ፌርማታ ክረ ደ ዣንቶ ነው። እዚያ ሐይቁ ዳር በደ ሶሱር ቤተሰብ ስም የሚጠራ ትልቅ ቤት አለ። አባትየው ኦራስ ቤኔዲክት በ1787 ሞን ብላን ተራራ ጫፍ ላይ የወጣው ሰው ነው። ልጁ ኒኮላ ቴዎዶር ደ ሶሱር (1767–1845) ደግሞ ዕፅዋትንና ጋዞችን ያጠና ነበር። ዛሬ የምንፈልገው እሱን ነው።

ቴዎዶር በፈረንሳይኛ «ቡዊ» ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራ ከሰል ወሰደና እስኪቀላ ድረስ አጋለው። እንዲህ ያደረገው ከሰሉ ውስጥ ያለው አየር ተባርሮ እንዲወጣ ነው። ከዚያ አየሩ ተመልሶ እንዳይገባ ከሰሉን ሜርኩሪ ውስጥ ነክሮ አቀዘቀዘው። ሜርኩሪ ድሮ ቴርሞሜትር ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ብረት ነው፤ መርዝ ስለሆነ እናንተ እንዳትነኩት! በመጨረሻ ከሰሉን አንድ ዓይነት ጋዝ ብቻ ወዳለበት ዕቃ አስገባና ስንቱ ጋዝ እንደጎደለ ለካ።

እስቲ ያገኘውን በቡና ሲኒ እንስፈረው። አንድ ሲኒ ከሰል 90 ሲኒ አሞኒያ ያዘ። አሞኒያ በረት ውስጥ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ጋዝ ነው። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘው 35 ሲኒ ነው። ከካርቦን ሞኖክሳይድ ግን 9 ሲኒ ገደማ ብቻ! ከሃይድሮጅንማ 2 ሲኒ እንኳ አልሞላም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለውን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

90 ሲኒ አንድ ሲኒ ውስጥ እንዴት ይገባል? ከሰል ስትነኩት ድንጋይ ቢመስልም ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይናማ ነው። ልዩነቱ የእንጀራው ዓይን ይታያል፣ የከሰሉ ግን አብዛኛው በትምህርት ቤታችሁ ማይክሮስኮፕ እንኳን አይታይም። ለማጣሪያ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ ከሰል ከሆነ፣ የ1 ግራሙን ቀዳዳዎች ግድግዳ ሁሉ ብንዘረጋው 1000 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። 7 ወይም 8 ግራም ሲሆን አንድ የእግር ኳስ ሜዳ አለቀ ማለት ነው። የጋዙ ቅንጣቶች በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ ይለጠፋሉ፤ እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ተሳፋሪ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ትንሽ ቦታ ይበቃቸዋል። ሳይንቲስቶች ይህን መለጠፍ «አድሶርፕሽን» ይሉታል። የአያት ፍሪጅ ምሥጢር ይኸው ነው።

ደ ሶሱር የጎደለውን ጋዝ ለካ እንጂ ከሰሉ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ማየት አልቻለም። ለዚያ ራጅ ያስፈልግ ነበር። ራጅን ያገኘው ቪልሄልም ሮንትገን የተማረው ዙሪክ ነው፤ በ1869 በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘበት ጽሑፍም ስለ ጋዞች ነበር። ሚስቱ አና ቤርታም የዙሪክ ልጅ ናት፣ አባቷ እዚያ ቡና ቤት ነበረው። በ1895 ጀርመን አገር ቩርትስቡርግ ከተማ ጨረሩን ሲያገኝ ያነሳው ታዋቂ ፎቶ የእሷን እጅ ነው፤ አጥንቷና ቀለበቷ ይታያሉ።

ታዲያ ራጅ የማይታይ ጋዝ እንዴት ያሳያል? ጨረሩ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ሲያጋጥመው ያልፍ የነበረው ይቀንሳል። ከሰሉን ቱቦ ውስጥ አድርገው መጀመሪያ ሂሊየም ይሞሉበታል። ሂሊየም የፊኛው ጋዝ ነው፣ ከሰል ላይ ብዙም አይለጠፍም። በሲቲ ስካን ዙሪያውን ያነሱታል። ቀጥሎ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልተው ደግመው ያነሱታል። ኮምፒውተሩ አንዱን ሥዕል ከሌላው ሲቀንስ ጋዙ የታጨቀበት ቦታ ተለይቶ ይወጣል። ቀዳዳዎቹ ግን አሁንም አይታዩም። ከአውሮፕላን ላይ ስታዲየም ብታዩ የሰዎቹን ፊት አትለዩም፣ የትኛው በኩል እንደሞላ ግን ታውቃላችሁ፤ ልክ እንደዚያ ነው።

ሮንትገን የተማረበት የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ዛሬ ኢቲኤች ይባላል። እዚያ የፕሮፌሰር ማርኮ ማዞቲ ቡድን ከጣሊያን፣ ከሰርዴኛ ደሴት የመጣ የድንጋይ ከሰል መርምሯል። የድንጋይ ከሰል እኛ ከምናቀጣጥለው ይለያል፤ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት መሬት ውስጥ ከተቀበረ ተክል የተሠራ ነው። በአገራችንም ጎንደር በጭልጋ፣ ኢሉባቦር ደግሞ በያዩ ይገኛል። ጥያቄያቸው ምድርን የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያው መሬት ውስጥ ከሰሉ ላይ መለጠፍ ይቻላል ወይ የሚል ነበር። ይለጠፋል፤ ችግሩ ከሰሉ ጋዙን ሲይዝ ስለሚያብጥ ስንጥቆቹ ይጠባሉ፣ ለሚቀጥለው ጋዝ መንገድ ይዘጋበታል። በዚሁ ጥናት በ2009 ዶክትሬቱን የያዘው ሮኒ ፒኒ ወደ ለንደን ሄዶ፣ ከሊዛ ጆስ ጋር በ2017 አሁን የነገርኳችሁን የሲቲ ስካን ዘዴ ለማጣሪያ ከሰል አወጡ። ከምስር ፍሬ ባነሰ ቦታ ውስጥ ስንት ጋዝ እንዳለ ለይተው አሳዩ።

አሁን ወደ እናት ነገር እንመለስ፤ ወላጆችም ይህን ቢያነቡት ደስ ይለናል። ጋዝ የሚይዘው ቀዝቃዛ ከሰል ነው። ደ ሶሱር ከሰሉን ያጋለው ጋዝ እንዲለቅ ነው ብለን የለ? የጋለ ከሰል ያለውን ከመልቀቁም በላይ፣ ሲነድ ራሱ አዲስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሠራል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ሰው ይገድላል። ብዙዎቻችን «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል፣ አሁን ይግባ» እንላለን። ያታለለን ይሄ ነው! ጭስ የሌለው ፍምም ጋዙን ያወጣል። አገር ቤት በበሩ ስንጥቅ ነፋስ ይገባ ነበር፤ የዚህ አገር መስኮት ግን ሲዘጋ ጥርቅም ነው። ጥግ ላይ ቀዝቃዛ ከሰል ብናስቀምጥም አያድነንም፣ 9 ሲኒዋን አስታውሱ። የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ይህን ጋዝ አይለይም፤ የራሱ መሣሪያ አለው።

ስለዚህ ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። ጣዕሙ እንደ ከሰሉ አይሆንም የሚሉ አሉ፣ አልከራከርም። ከሰል የግድ ከሆነ ደጅ ይሁን። የከሰል እሳት ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከመጣ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከዚያ 144 ይደወል።

ለሳምንት የቤት ሥራ፦ ሁለት ተመሳሳይ ክዳን ያላቸው ብርጭቆዎች ውስጥ አንድ አንድ ቁራጭ ሽንኩርት አድርጉ። በአንደኛው ብቻ የተሰባበረ፣ ያልተቀጣጠለና የማቀጣጠያ ፈሳሽ ያልነካው የእንጨት ከሰል ጨምሩ። ሁለቱንም ፍሪጅ ውስጥ ለሦስት ቀን አቆዩአቸው። ክዳኑን ስትከፍቱ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ያሽትታቸውና የትኛው እንደሆነ ይገምት። ቅዳሜ ስትመጡ ንገሩን፣ ብርጭቆውን ግን ባታመጡት ይሻላል!