ከጠመንጃው በፊት ቆጠራው

በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴም ሆነ በጋይንትና በስማዳ፣ አደን ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ጠመንጃና ወኔ ነው። ድሮ ግዳይ ጥሎ የተመለሰ ሰው ስለ ልቡና ስለ ዒላማው ይፎክር ነበር እንጂ ዱሩ ውስጥ ስንት አውሬ እንደቀረ አያነሳም ነበር። አይፈረድበትም፤ ያኔ ቆላው ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት ነበር። በሕግ የሚካሄድ የዛሬ የተራራ አደን ግን መሰናዶው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ስንት እንስሳ አለ? ስንቱ ቢነሳ መንጋው አይጎዳም? ከገንዘቡስ ለተራራው ጎረቤት ምን ይደርሰዋል? እነዚህ ሦስቱ ሳይመለሱ የታሰበ አደን፣ ፈቃድ ቢኖረውም፣ ያልተሟላ አደን ነው እላለሁ።

ለዚህ በአገራችን የሚገኘው ጥሩ ምሳሌ የባሌና የአርሲ ተራሮች ደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ምስሉ በ10 ሳንቲም ላይ ስላለ ብዙ ሰው ሳያስተውለው በኪሱ ይዞት ዞሯል። ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ አይቨር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በወሰደው ናሙና መነሻነት የተፈጥሮ ተመራማሪው ሪቻርድ ላይደከር ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ የሚታደነውም እሱ፣ ያውም ያረጀው ነው። ከውጭ የሚመጣ አዳኝ ብቻውን ዱር አይገባም። ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር ይዋዋላል፤ የተከለለ የአደን ቀጣና ይመደብለታል፤ በዓመት ስንት ወንድ እንደሚነሳ የሚወሰነውም ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የዚህ አሠራር መሠረት የተጣለው በአዋጅ ቁጥር 541/1999ና በደንብ ቁጥር 163/2000 ነው። ለአንድ ደጋ አጋዘን የተተመነው የመንግሥት ክፍያ 15,000 ዶላር ነበር፤ የድርጅቱ ዋጋ ለብቻው ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ብርዱ፣ ጥቅጥቅ ያለው የአስታ ጫካና በማለዳ በመነጽር ዳገት መቃኘቱ ይቀራል። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ተኩሱ ግን የአፍታ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ተቃውሞ ይመጣል። ለመጥፋት የተጋለጠ፣ ከአገራችን በቀር የትም የሌለ እንስሳ በገንዘብ መገደሉ ነውር አይደለም ወይ? የጥያቄው ክብደት አይካድም። ነገር ግን ደጋ አጋዘንን ያመነመነው በዋናነት ፈቃድ የያዘ ጠመንጃ አይደለም። እርሻና ግጦሽ ጫካውን ሽቅብ እየገፉት ነው፤ መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ አጋዘን ያለ ሕግ ተገድሏል። የአደን ቀጣና የሆነ ጫካ ቢያንስ ዛፉ እንዲቆም የሚፈልግ ባለጉዳይ አለው። ያረጁ ጥቂት ወንዶች መነሳታቸውም የመንጋውን መራባት አይሰብርም፤ ይህ የሚሆነው ግን ቁጥሩ በትክክል ሲታወቅ ብቻ ነው።

ችግሩም ቁጥሩ ላይ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ተመራማሪው ሌስሊ ብራውን ደጋ አጋዘኑ ከ7,000 እንደማያንስ ገምቶ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ወደ 4,000 የሚጠጋ አገኘ። ልዩነቱ የቱን ያህል የእንስሳው መቀነስ፣ የቱን ያህል የአቆጣጠሩ ልዩነት እንደሆነ መለየት ከባድ ነው። በባሌ እንዳለው የጋይሳይ ሜዳ ባለ ገላጣ ቦታ ላይ በዓይን መቁጠር ይቻላል፤ ጫካ ውስጥ ግን የሚቆጠረው ፋንድያ ነው፤ ግምቱም ሰፊ ይሆናል። ስለዚህ የሚፈቀደው ቁጥር መነሳት ያለበት ከአማካዩ ሳይሆን ከዝቅተኛው ግምት ነው። ቆጣሪውም ከአደኑ የማይጠቀም ወገን ሊሆን ይገባል። የአደን ድርጅት የራሱን ኮታ ቆጥሮ እንዲያቀርብ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ይመስለኛል። ከመንግሥቱ ክፍያ 85 በመቶው ለክልል ይሄዳል፤ ከ15,000 ዶላሩ 12,750 መሆኑ ነው። ክልል ግን መንደር አይደለም። በፓኪስታን ደረቅ ተራሮች ማርኮር የሚባለው ጠምዛዛ ቀንድ ያለው የዱር ፍየል በሚታደንበት ቦታ 80 በመቶው የሚደርሰው ለአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2015 እ.ኤ.አ. ማርኮርን ለመጥፋት ከተጋለጡት መደብ አውጥቶ ሻል ወዳለው አዛውሮታል። ለውጡ የአደኑ ብቻ ውጤት ነው አይባልም፤ ሕገወጥ አዳኝን የሚጠቁመው ግን ከፍየሉ የሚጠቀመው መንደርተኛ መሆኑ የታወቀ ነው።

«ታዲያ ጨርሶ መከልከል አይሻልም?» የሚል ሰው ዋልያን ይጠቅሳል። እውነት ነው፤ የስሜን ዋልያ አይታደንም፣ መታደንም የለበትም፤ ከቁጥሩ ማነስ የተነሳ አንድም የሚነሳ ትርፍ የለውም። ክልከላ ብቻውን ጥበቃ እንዳልሆነ የሚያሳየው ግን ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የቆመው የጉና ተራራ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው፣ ርብና ጉማራ የሚመነጩበት ይህ ተራራ ቀይ ቀበሮ ነበረው፤ ዛሬ የለውም። ቀበሮውን በዶላር ገዝቶ ያደነ የለም። ገብሱና ድንቹ ሽቅብ ወጡ፣ የጓሳ ሣሩ ሳሳ፤ ቀበሮው ሲያንስ በየዓመቱ ቆጥሮ «ዘንድሮ ይህን ያህል ቀርቷል» የሚል አልነበረም።

ከዚህ ተነስቶ ጉና ላይ አደን ይከፈት ማለት አይቻልም፤ ለፈቃድ የሚበቃ እንስሳ የለበትም። ቆጠራው ግን አደንን አይጠብቅም። ቆጠራ ውድ ነው የሚለው ክርክር በከፊል ልክ ነው፤ ለጥናት ቡድን ብዙ ይወጣል። ሰስና ጭላዳ የት እንደሚውሉ ከእረኛ በላይ የሚያውቅ ግን የለም። እረኛው ሠልጥኖ፣ አበል ተከፍሎት፣ በተወሰነ ወር በተወሰነ ሸንተረር ቢቆጥር ወጪው ከአንድ አጋዘን ክፍያ በእጅጉ ያንሳል፤ ነገ የአደን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ድርጅት ቢኖርም ቀበሌው የራሱ መዝገብ ይኖረዋል።