የቮልስ ግራ እግር

የድሮ ቮልስ የሚነዳ ሰው «ስንት እየሄድክ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ጌጁን አይቶ ሳይሆን የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ነው። ጌጁማ ወይ ዜሮ ላይ ተኝቷል፣ ወይ ቀስቱ በ40 እና በ70 መካከል እስክስታ ይመታል። ባለቤቱም ለምዶታል። «እሱ ከገዛኋት ጀምሮ አይሠራም» ይላል፣ የመኪናዋ ጠባይ አድርጎ ቆጥሮት።

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚታዩት ቮልሶች ብዙዎቹ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስ ተጭነው ከቤተ መንግሥት የወጡበትን ዘመን ያዩ ናቸው። የዚህን ያህል ዕድሜ ያለው ጌጅ ቢደክም አይፈረድበትም። እኔን የሚያበሽቀኝ ሳይታመም የሚታከመው ነው።

የጌጁን አሠራር ላስተዋውቃችሁ። ብልሃቱ ኦቶ ሹልትዘ የተባለ ጀርመናዊ፣ በዚያን ጊዜ በጀርመን ሥር በነበረችው በስትራስቡርግ ከተማ ሆኖ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ነው። ከጎማው በኩል የሚመጣው ካቦ ጌጁ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማግኔት ያሽከረክራል። ከማግኔቷ ጎን ስስ የአሉሚኒየም ኩባያ አለ፤ ሁለቱ ፈጽሞ አይነካኩም። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም፤ ታዲያ ኩባያው ምን አገናኘው? ማግኔቷ ስትሽከረከር በኩባያው ገላ ላይ የኤሌክትሪክ ዙረት ይፈጠራል፤ ያ ዙረት የራሱ ማግኔታዊ ኃይል ስላለው ኩባያው ማግኔቷን ተከትሎ ሊዞር ይቃጣል። የሚይዘው እንደ ሰዓት ሞላ የቀጠነ ሞላ ነው። ማግኔቷ በፈጠነች ቁጥር ሞላው ይበልጥ ይጠመዘዛል፣ በኩባያው ዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለው ቀስትም አብሮ ይወጣል። የተጓዘውን ኪሎ ሜትር የሚቆጥሩት አሃዞች ግን በዚህ የሉበትም። እነሱ ከካቦው ጋር በጥርስ በቀጥታ የተያያዙ ናቸው።

በብዙ የድሮ መኪኖች ላይ ካቦው የሚነሳው ከካምቢዮ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ ግን ከኋላ ናቸው፤ ስለዚህ የጀርመን መሐንዲሶች ቅርቡን መረጡ፤ የፊት ግራ ጎማን። ጎማውን የተሸከመው ዘንግ ውስጡ ክፍት ነው፤ ካቦው በውስጡ አልፎ አራት ማዕዘን ጫፉን በኩሽኔታው መክደኛ በኩል ብቅ ያደርጋል። ጫፉ ተመልሶ እንዳይገባ ጥፍር የምታክል የሽቦ መያዣ ትሰካበታለች። መክደኛው ከጎማው ጋር ሲዞር ካቦውን ያዞረዋል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 500 ጊዜ ገደማ።

ይህን ያወቀ ሰው ዳሽቦርድ ከመንካቱ በፊት በሽታውን መለየት ይችላል። ቀስቱም አሃዙም አብረው ከቆሙ ጥፋቱ ከታች ነው፤ ወይ ካቦው ተበጥሷል፣ ወይ ያቺ መያዣ ወድቃለች፣ ወይ የመክደኛው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተበልቶ ክብ ሆኗል። አሃዙ እየቆጠረ ቀስቱ ከተኛ ግን ችግሩ ጌጁ ውስጥ፣ ኩባያውና ሞላው ዘንድ ነው። ቀስቱ እየሠራ አሃዙ ከቆመ ጥርስ ተበልቷል። ቀስቱ ከዘለለ ካቦው ደርቋል ወይም የሆነ ቦታ ላይ ክፉኛ ታጥፏል።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንድ ጋራዥ ግማሽ ቀን ሙሉ ጌጁን ሲፈቱና ሲገጥሙ ዋሉ፤ ቀስቱ አልተነሳም። ማምሻውን አንድ ልጅ የግራውን ጎማ ጌጥ ሲያወልቅ መያዣዋ በቦታዋ የለችም። በቁራጭ ሽቦ ተጠገነ። የተከፈለው ግን የግማሽ ቀን ነው።

ካቦ መቀየር ካስፈለገ መኪናዋን በክሪክ ማንሳት፣ መያዣዋን በፒንሳ መንቀል፣ ከዚያ የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ከጌጁ ጀርባ ያለውን ቀለበት በእጅ መፍታት ነው። የጎማውን ኩሽኔታ የሚይዘው ዳዶ መፈታት የለበትም። ለሌላ ሥራ ከተፈታ ግን የግራው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታ ልብ በሉ፤ በጉልበት ያበላሹት ብዙ ናቸው። ካቦውን ስስ ግራሶ ቀቡት፤ ጌጁ ጋ የሚደርሰውን ስንዝር ያህል ግን ደረቅ ተዉት። ግራሶ ወደ ላይ ወጥቶ በማግኔቷና በኩባያው መካከል ከገባ ያጣብቃቸዋል፤ ያኔ የቆመች የምትመስል ቮልስ በጌጁ ላይ 120 ትበራለች።

ጌጁን የግድ መክፈት ካለባችሁ ቀስቱን አትጎትቱ። መጀመሪያ ከዜሮው ማረፊያ ቀስ ብላችሁ አሳልፉትና በራሱ የሚቆምበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ሲመለስ እዚያው ካልተተከለ ዕድሜ ልኩን ይዋሻል።

ጎማም ያስዋሻል። ከመጀመሪያው ያነሰ ጎማ የተገጠመላት ቮልስ ጎማዋ በኪሎ ሜትር ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ጌጁ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ያሳያል። ለማረጋገጥ የኪሎ ሜትር ምልክት ያለበት መንገድ ላይ ቀስቱን 60 ላይ አጽንታችሁ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው በሰዓት ይለካ። አንዱ ኪሎ ሜትር 60 ሴኮንድ ከወሰደ ጌጁ እውነተኛ ነው። 70 ከወሰደ እየሄዳችሁ ያላችሁት 51 ገደማ ነው።

አንድ ነገር ለገዢዎች ልጨምር። የድሮዋ ቮልስ ቆጣሪ ባለ አምስት አሃዝ ነው፤ 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሻጩ «43,000 ብቻ ነው የሄደችው» ካላችሁ፣ ስንተኛ ዙሯ እንደሆነ ጠይቁት።