ሥነ ልሳን የሚማር ሰው ምን ይማራል?

ትንፋሽን ይዞ «ጥ» ማለት ይቻላል። «ት» ግን የሳንባ አየር ይፈልጋል። ለ«ጥ» ማንቁርት ይዘጋና ከበላዩ ያለው አየር ታምቆ በድንገት ይለቀቃል። የሥነ ልሳን ተማሪ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶቹ በአንዱ ይህን በገዛ ጉሮሮው ይፈትሻል።

ብዙዎች ትምህርቱን አምስት ስድስት ቋንቋ መናገሪያ አድርገው ያስቡታል። አይደለም። ድምፅ፣ የቃላት አመሠራረት፣ የዓረፍተ ነገር መዋቅርና ትርጉም እንዴት እንደሚሠሩ መመርመር ነው፤ ደስታውም እዚያ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ደግሞ ለዚህ የታደለች አገር ናት። ሴማዊው አማርኛ፣ ኩሻዊው ኦሮምኛና ኦሞአዊው ወላይትኛ ሦስቱም «ጥ»ን የመሰሉ ድምፆች አሏቸው፤ ግሣቸውንም መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። እንደ አማርኛ ሴማዊ በሆነው በግእዝ ግን ግሡ አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማል። ታዲያ አማርኛ ግሥን መጨረሻ ላይ የማስቀመጥ ሥርዓት ከየት አመጣ? ብዙ ምሁራን ነገሩን ከኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር በነበረው ረጅም ጉርብትና ያስረዱታል።

የሥነ ልሳን ምሁሩ ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናቱ እንዲህ ያሉ የጋራ ባሕርያትን ዘርዝሮ አካባቢውን አንድ «የቋንቋ ቀጣና» አለው። ሌላው የሥነ ልሳን ምሁር ማውሮ ቶስኮ በ2000 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ ተቃወመ። ጎበዝ ተማሪ ሁለቱንም አንብቦ፣ በመቅረጸ ድምፅ በሰበሰበው መረጃ የራሱን አቋም ይይዛል።