የሱስ ሕክምና አገልግሎት በውል ሲገዛ፦ የክፍያ መለኪያው በሕሙማን ቅበላ ላይ ያለው ተጽዕኖ

መንግሥት የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስን የመከላከልና የማከም አገልግሎትን ራሱ ሊሰጥ ወይም ከሌሎች ድርጅቶች በውል ሊገዛ ይችላል። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት ሁለተኛው መንገድ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ሕግ መሠረት ለክፍላተ ግዛቶች ጥቅል ድጎማ ይሰጣል፤ እነርሱም በበኩላቸው ከአገልግሎት ሰጪዎች ጋር ይዋዋላሉ። ከድጎማው ቢያንስ 20 ከመቶ ለቅድመ መከላከል መዋል አለበት፤ ነፍሰ ጡሮችም በቅበላ ቅድሚያ ያገኛሉ። በመርፌ ዕፅ የሚወስድ ሰው ሕክምና በጠየቀ በ14 ቀናት ውስጥ ቅበላ ሊያገኝ ይገባል፤ ቦታ ከሌለ ጊዜው እስከ 120 ቀናት ሊራዘም ቢችልም በ48 ሰዓት ውስጥ ጊዜያዊ አገልግሎት እንዲሰጠው ግዴታ ተጥሏል።

ይሁንና ክሊኒኩ ማንን እንደሚቀበል የሚወስነው ሕጉ ብቻ ሳይሆን ክፍያው የሚሰላበት መለኪያም ጭምር ነው። የውል ጉዳይ የፋይናንስ ክፍል ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስለዚህ ትክክል አይመስልም።

የሜይን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 ውሎቹን ከውጤት ጋር አያያዘ። ከመለኪያዎቹ መካከል ሕመምተኛው ሕክምናውን ሲጨርስ ከሱሱ መታቀቡ ይገኝበት ነበር። የተመዘገበው ውጤት ተሻሻለ። ሆኖም በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ነገሮችን አሳዩ። አንደኛ፣ ውጤቱን የሚመዘግቡት ሐኪም ቤቶቹ ራሳቸው በመሆናቸው ከመሻሻሉ ከፊሉ ከአመዘጋገብ የመነጨ ነበር። ሁለተኛውና ይበልጥ አሳሳቢው ደግሞ፣ በዚህ ውል ከሚታከሙት መካከል ሕመማቸው እጅግ የጠናባቸው ሰዎች የመገኘት ዕድል በ7 ከመቶ መቀነሱ ነው። ክፍያቸው በሜዲኬይድ በኩል በሚፈጸም ሕሙማን ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ቅነሳ አልታየም። ልዩ ትኩረት የሚሹ ወገኖችን ማገልገል በመለኪያነት ተካትቶ እያለ ይህ መድረሱ ልብ ሊባል ይገባል።

የደላዌር ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2002 በተመላላሽ ሕክምና ላይ የሞከረው ከዚህ ይለያል። ቀድሞ ክሊኒኮቹ ያወጡት ወጪ ይተካላቸው ነበር፤ በአዲሱ ውል ግን ክፍያው በሁለት ነገሮች ላይ ተመሠረተ፦ ያላቸውን አቅም ምን ያህል እንደተጠቀሙና ሕሙማኑ በቀጠሯቸው ምን ያህል እንደተገኙ። ክሊኒኮቹ የሥራ ሰዓታቸውን አራዘሙ፣ ሕንፃዎቻቸውን አደሱ፣ ለአማካሪዎች ማበረታቻ ከፈሉ። አንድ ተቋም መስፈርቱን ማሟላት አቃተው። በአማካይ የአቅም አጠቃቀም በ2001 ከነበረበት 54 ከመቶ በ2006 ወደ 95 ከመቶ፣ የተሳትፎ መስፈርቱን ያሟሉ ሕሙማን ድርሻም ከ53 ወደ 70 ከመቶ ከፍ አለ። በታካሚዎቹ ዓይነት ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም።

የሁለቱ ልዩነት ከመለኪያው ጠባይ የመጣ ይመስላል። መታቀብ ሕመምተኛው ሲመጣ በነበረበት የሕመም ክብደት ላይ በእጅጉ ይመረኮዛል፤ ስለሆነም የጠናበትን ሰው መቀበል ለክሊኒኩ ኪሳራ ይሆናል። በቀጠሮ መገኘትን ግን ባለሙያው ስልክ በመደወል ወይም ክሊኒኩን ከሥራ ሰዓት በኋላ ክፍት በማድረግ ሊያሻሽለው ይችላል። በመታቀብ የሚከፍል ውል ሲቀርብ፣ ሕመምተኛው ሲገባ የነበረው የሕመም ክብደት ተመዝግቦ በክፍያው ስሌት ውስጥ እንዲገባ ባለሙያው ከፊርማው በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል።