ኩባንያ እንደ ሰው መገበር ይገባዋልን?

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውኃን ካለፈ በኋላ ኮኪት ይደርሳል። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በዚያ ቆላ መሬቱ ሰፊ፣ የእርሻው ወራት ግን አጭር ስለ ሆነ ትራክተር ያለው ሰው እጅግ ይፈለጋል። ይሁን እንጂ ትራክተር በአንድ ወጣት ኪስ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ አዋጥቶ በኅብረት መሥራት ለቆላው ሕዝብ ዋና የኑሮ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ሰዎች ገንዘባቸውን አንድ አድርገው ኩባንያ ሲያቋቁሙ፣ መንግሥት ያንን ኩባንያ እንደ አንድ ዜጋ ቆጥሮ ሊያስገብረው ይገባልን? ወይስ ለኩባንያ ሌላ ሚዛን ያስፈልገዋል?

ይህ የሕግና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ሥራ ነው የሚል ጓደኛ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የአርትስ ተማሪዎች ብንሆንም፣ ነገ ደመወዝተኛ ወይም ነጋዴ መሆናችን ስለማይቀር ነገሩን ዛሬ ብንመረምረው አይጎዳንም።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግለሰብን ደረጃ በደረጃ ያስገብራል። ግለሰብ ነጋዴ ከዓመት ትርፉ ውስጥ ከመጀመሪያው 7,200 ብር ምንም አይከፍልም ነበር፤ ከዚያ በላይ ላለው 10፣ 15፣ 20 እያለ እስከ 35 በመቶ ይደርስ ነበር። ኩባንያ ግን ትርፉ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ከመጀመሪያዋ ብር አንሥቶ 30 በመቶ እንዲከፍል ታዘዘ። የሽርክና ማኅበርም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከዚህም በቀር ቀሪው ትርፍ ለባለአክሲዮኖች ሲከፋፈል 10 በመቶ ይቆረጥበት ነበር።

ግለሰብ ለምን በደረጃ ይገብራል? ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰው የመጀመሪያው ብር ለእንጀራና ለቤት ኪራይ ይውላል፤ ብሩ እየበዛ ሲሄድ ግን ለምቾት ይተርፋል። ኩባንያ ግን አይራብም፣ ልጅም አያስተምርም። ትልቅ ኩባንያ የብዙ ድኾች፣ ትንሽ ኩባንያም የአንድ ባለጠጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የኩባንያው ትልቅነት የባለቤቶቹን ሀብት አይነግረንም። በሰው ደረጃ ኩባንያን መለካት ጆንያውን መዝኖ የባለቤቱን ክብደት እንደ መናገር ይሆናል። ኩባንያ በአንድ ወጥ ምጣኔ ይገብር መባሉ በዚህ በኩል ሲታይ ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ወጥ ምጣኔ በማን ላይ እንደሚከብድ በሂሳብ እንየው። በኮኪት ዐሥር ሰዎች በየግላቸው ትራክተር እያከራዩ፣ እያንዳንዳቸው በዓመት 60,000 ብር አተረፉ እንበል። በሂሳብ መዝገብ የሚገብሩ ከሆነ በ2008ቱ ሠንጠረዥ አንዱ 8,370 ብር፣ ዐሥሩ በጠቅላላው 83,700 ብር ይከፍሉ ነበር። እነዚሁ ሰዎች ኩባንያ አቋቁመው ያንኑ 600,000 ብር ቢያተርፉ ግን ኩባንያው 180,000 ብር ይከፍላል። የቀረውን 420,000 ብር ሲከፋፈሉት ደግሞ 42,000 ብር ይቆረጥ ነበር። ድምሩ 222,000 ብር ነበር። ሰዎቹ ያው፣ ትራክተሩ ያው፣ ትርፉም ያው ሳለ፣ በኅብረት ስለ ሠሩ ብቻ 138,300 ብር ጨመሩ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ባለጠጋውን እንመልከት። ብቻውን ነግዶ 6,000,000 ብር ያተረፈ ሰው በግለሰብነቱ 2,082,000 ብር ይገብር ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ይኸው ሰው በዚህ መንገድ ቢሠራ ኩባንያው 1,800,000 ብር ይከፍላል። ትርፉን ወደ ቤቱ ሳይወስድ መልሶ ሥራ ላይ ካዋለውም ሌላው 10 በመቶ አይነካውም ነበር። ገንዘቡን ለዕለት ኑሮው የማይሻ ሰው መጠበቅ ይችላል፤ ከትርፉ ልጆቹን የሚያበላ ግን ምን ብሎ ይጠብቃል?

በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 የግለሰቡን ሠንጠረዥ አሻሽሎታል። ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ በወር ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የኩባንያው 30 በመቶ ግን ስላልተነካ፣ በትንሹ ሰውና በትንሹ ኩባንያ መካከል ያለው ልዩነት አልጠፋም።

«እንግዲያው የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቁሙ» የሚል ይኖራል። መልካም ሐሳብ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበሩን ከገቢ ግብር ነጻ አድርጎ፣ አባላቱ ከትርፍ ድርሻቸው እንዲገብሩ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን በኅብረት ሥራ ማኅበር ድምፅ የሚቆጠረው በሰው እንጂ በገንዘብ አይደለም። ይህ ለብዙዎች የሚበጅ ቢሆንም፣ ብዙ ገንዘብ የሚያዋጣውን ሰው ያስፈራዋል። ሁሉም ሥራ በዚያ በር አይገባም። ይህ አዋጅ ለእኛ ክርክር የሚሰጠው ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ ማኅበሩን አልፎ በባለቤቶቹ ላይ ማስገበር በአገራችን ሕግ እንግዳ ሐሳብ እንዳልሆነ ያሳያል።

በውጭም ምሳሌ አለ። በአሜሪካ በ1958 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ፣ ከ10 የማይበልጡ ባለአክሲዮኖች ያሉት ኩባንያ ከፈለገ ትርፉ በቀጥታ በባለቤቶቹ ላይ እንዲቆጠር ተፈቀደለት። ቁጥሩ ከጊዜ በኋላ እስከ 100 ከፍ ብሏል።

የእኛ አሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ብዙ ባለአክሲዮኖች ያሉት ትልቅ ኩባንያ በአንድ ወጥ ምጣኔ ይገብር። የእያንዳንዱን ባለአክሲዮን ኑሮ በየዓመቱ መከታተል አይቻልም፤ ደግሞም ባለቤቶቹ ኩባንያው ቢከስር ቤታቸው ስለማይሸጥ፣ ሕጉ ለሰጣቸው ጥበቃ ዋጋ ቢከፍሉ ግፍ አይደለም። ጥቂት ባለቤቶች ያሉት ትንሽ ኩባንያ ግን ትርፉ በየድርሻቸው ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ በራሱ ደረጃ እንዲገብር ምርጫ ይሰጠው።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ ባለጠጋ ትርፉን በሚስቱና በልጆቹ ስም ከፋፍሎ ግብር ይሸሻል የሚል ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ስለዚህ ምርጫው በሥራው ላይ ለተሰማሩ ባለቤቶች ብቻ ይሁን፤ መዝገብ የማይዝም አያግኘው። ሁለተኛው የመንግሥት ገቢ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴን ግብር ለክልል፣ አንቀጽ 98 ደግሞ የኩባንያን ትርፍ ግብር ለፌዴራል መንግሥትና ለክልሎች በጋራ ሰጥቷል። ስለዚህ ለውጡ ክፍፍሉንም ስለሚነካ፣ ሁለቱ አስቀድመው ሊመካከሩበት ይገባል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን አድገናል። ዛሬ ግን የቆላው ወጣት ከማበሩ በፊት ሂሳቡን ቢሠራ፣ ብቻውን መቅረት እንደሚሻለው ያገኛል። ሰውን ከሰው የሚያስተባብር ሥራ እያጣን ስለ ልማት መናገር ብዙ አያራምደንም። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች፣ በተለይም ከሕግና ከንግድ ፋኩልቲ ያላችሁ፣ ሂሳባችን የጎደለው ካለ አሟሉልን፤ ክርክሩ ግን እንዲቀጥል እንሻለን።