የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተርን በጭስ መለኪያ ማስተካከል

በደጋ አካባቢ በመስኖ ሥራ ላይ ያሉ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ጥቁር ጭስ ሲያወጡ፣ ካንዴላቸው ጥላሸት ሲለብስና ነዳጅ ሲያባክኑ ይታያል። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ «አርጅቷል» ብሎ ይደመድማል። እኛ ግን ከእርጅናው በፊት ሞተሩ የሚሠራበትን ከፍታ እንጠይቃለን።

ካርቡራተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የተለካው ለዝቅተኛ ሥፍራ አየር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እዚያ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይመዝናል። ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን አየሩ በሳሳው ልክ አይቀንስም። በመሆኑም በጠረፍ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 13 ኪሎ አየር ያገኝ የነበረው ሞተር፣ በደብረ ብርሃን 11.3 ኪሎ ገደማ ብቻ ያገኛል። ለተሟላ ቃጠሎ የሚያስፈልገው 14.7 ኪሎ ነው። በአየር ለሚቀዘቅዝና ጭነት ለተሸከመ ሞተር ግን ከ12.5 እስከ 13 ያለው ይሻላል፤ የተረፈው ጥቂት ቤንዚን ሙቀቱን ያበርዳልና።

ይህን በቁጥር የሚያሳየው በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ነው። በመኪና ላይ የተጀመረው በ1976 እ.ኤ.አ. በስዊድኑ ቮልቮ ነበር። መግዛት የሚገባው ሰፊ ልክ የሚያነበውን ዓይነት፣ ከነመቆጣጠሪያውና ከነማሳያው ነው፤ ጠባቡ ዓይነት ከ14.7 በላይ ወይም በታች መሆኑን ብቻ ስለሚናገር ለዚህ ሥራ አይረዳም። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ለአንድ ማኅበር አንድ ይበቃዋል።

በየሞተሩ የጭስ ማውጫ ላይ፣ ከማርሚታው በፊት፣ የመለኪያውን ጥርስ የሚቀበል ዳዶ ይበየዳል። የተለመደው ባለ 18 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 የሆነው ነው። ዳዶው በቧንቧው ላይኛ ጎን ሆኖ፣ መለኪያው ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ያዘንብል። አለዚያ ሞተሩ ሲነሣ በቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ የጋለውን ሸክላ ይሰነጥቀዋል። መለኪያው ከ12 ቮልት ባትሪ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በሚሠራ ሞተር ጭስ ውስጥ አይቆይ፤ ጥላሸት ይደፍነዋል። ሲሊኮን ያለበት ማሸጊያም ያበላሸዋል። ሥራው ሲያልቅ መለኪያው ወጥቶ ቀዳዳው በቡሎን ይዘጋል።

ማሳያው የሚሰጠው ቁጥር ሁልጊዜ እውነት እንዳይመስለን። ከመለኪያው በፊት ያለው ጋስኬት ካሾለከ የውጭ አየር ይገባና «አየር በዛ» ይላል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የጭስ ማውጫው አጭር ከሆነ በሚኒሞ ላይ አየር ወደ ኋላ ይስባል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን፣ ካንዴላው አንዳንዴ ሳይተኩስ ሲቀር ያልተቃጠለው ኦክስጅን ከጭሱ ጋር መውጣቱ ነው፤ ሞተሩ በቤንዚን እየታፈነ መለኪያው ቤንዚን አነሰው ይላል። ይህን አምኖ ቤንዚን የሚጨምር ሰው ችግሩን ያባብሳል። ስለዚህ አስቀድሞ ፊልትሮው ይጸዳ፣ ካንዴላው ይታይ፣ የማስነሻው አየር መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ ይረጋገጥ። ንባቡም ሞተሩ ሞቆ፣ ውኃ በሙሉ ጉልበቱ እየሳበ ሳለ ይወሰድ።

ቁጥሩ ከ12.5 በታች ከሆነ፣ ቤንዚኑን የሚለካው ባለ ቀዳዳ ናስ፣ ማለትም ጄቱ፣ በአንድ ደረጃ በጠበበ ይለወጥና እንደገና ይነበብ። ጄትን በሽቦ መጎርጎር ማስፋት ነውና አይደረግ። ማስተካከሉ ነዳጅ ይቆጥባል፤ በከፍታው ምክንያት የጠፋውን ጉልበት ግን ሁሉንም አይመልስም። ይህ ለአባላቱ አስቀድሞ ይነገር።

ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ የሚደርሰው ጉዳት የከፋ ነው። በደብረ ብርሃን 13 ላይ የተስተካከለ ሞተር በውሰት ወይም በኪራይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ቢወሰድ ወደ 14 ይጠጋል። በቆላው ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሲያጠጣ የሚውል ሞተር በዚህ ልክ ከመጠን በላይ ይግላል፤ የጭስ ቫልቮላውም ሊቃጠል ይችላል። ማበልጸጊያው የዋለው ለነዳጅ ቁጠባ ቢሆንም ኪሳራው ሞተሩ ይሆናል። ስለዚህ ከመውረዱ በፊት የመጀመሪያው ጄት ይመለስለት። የጄቱ ቁጥርና የተስተካከለበት ከፍታ በነዳጅ ጋኑ ላይ በቀለም ይጻፍ፤ የወጣውም ጄት በጨርቅ ተጠቅልሎ ከመፍቻዎቹ ጋር ይቀመጥ።